የሂዳያ ሴሎች

ሂዳያ ከተወለደች ጀምሮ ከቆዳዋ ሥር ስብ አይይዝላትም ነበር። አባቷ አብዱልወዱድ ከወሎ መጥቶ መቀሌ፣ ሓድነት በሚባለው ሰፈር ጨርቅ የሚሸጥ ነጋዴ ነው። ምን ቢያበላት ጉንጯ አይሞላም፤ ክንዷ ላይ የደም ሥሯ እንደ ጉልበት ሠራተኛ ሥር ተገትሮ ይታያል። ሰውነቷ ስቡን የሚያስቀምጥበት ቢያጣ ስኳሯ ናረ፤ በኢንሱሊን መኖር ጀመረች።

ዶክተር ዕፀገነት የስብ ሴል እንዴት እንደሚያድግ የምታጠና ተመራማሪ ነች። አባትየውን አስፈቅዳ ከሂዳያ ክንድ ቅንጣት ታህል ቆዳ ወሰደችና ሴሎቿን ቤተ ሙከራ ውስጥ አራባች። ጀማሪ ሴሎችን ወደ ስብ ሴልነት የሚገፋ ፕሮቲንም ከውጭ አስመጣች። ብልቃጡ ላይ «የሰው» የሚል ተጽፎበታል።

«ከሰው የወጣ ነው?» አለቻት አንድ ቀን ቤተ ሙከራውን ልታይ የመጣችው ሂዳያ።

«ንድፉ የሰው ነው። የሠሩት ግን ባክቴሪያዎች ናቸው።»

«ታዲያ እኔን ያወፍረኛል?»

«አንቺን አይደለም፤ ሳህኑ ላይ ያሉትን ነው።»

ልጅቷ በአጉሊ መነጽሩ አየች። ጥቂቶቹ ሴሎች የዘይት ጠብታ ቋጥረዋል።

«እነሱስ ቀናቸው» አለችና ሳቀች።

ጦርነቱ መጣ፤ መንገዱ ተዘጋ። ኢንሱሊን ከየመድኃኒት ቤቱ ሲጠፋ አብዱልወዱድ በእግሩ ወደ ቤተ ሙከራው ሄደ።

«ዶክተር፣ ልጄን ያንን ከውጭ ያስመጣሽውን መድኃኒት ውጊልኝ።»

«አቦይ» አለችው በትግርኛ፣ አባቴ ስትል፤ «መድኃኒት እኮ አይደለም። ለምርምር ብቻ የተሠራ ነው። ሊገድላት ይችላል።»

«እንዲሁም እየሞተችብኝ ነው።»

«አውቃለሁ። ግን አልችልም።»

አልተቆጣትም። ወጥቶ ሄደ። ዕፀገነት የምታውቀውን ሐኪም ሁሉ ለምና ግማሽ ብልቃጥ ኢንሱሊን አገኘች፤ ራሷ ወስዳ ሰጠችው፤ ማቀዝቀዣ ስላልነበረው እርጥብ ጨርቅ በለበሰ እንስራ ውስጥ አኖረው። ኢንሱሊኑ ሲያልቅ ሂዳያ ሞተች። ብዙም ሳይቆይ መብራት ተቋረጠ፤ ለጄኔሬተሩም ነዳጅ ታጣ። ፕሮቲኑም ሴሎቹም ማቀዝቀዣው ውስጥ እንዳሉ ተበላሹ።

መንገዱ ከተከፈተ በኋላ አብዱልወዱድ ወደ ቤተ ሙከራው ተመልሶ መጣ። ጺሙ ሸብቷል። ወንበር ሰጠችው፤ ተቀመጠ።

«ሴል የሚሉት ባለቤቱ ከሞተም በኋላ ይኖራል አሉኝ» አለ። «የሂዳያ አለ?»

ዕፀገነት ልትዋሸው አልፈለገችም።

«ነበሩ፣ አቦይ። መብራት ሲጠፋ ሞቱ። ብልቃጦቹን ግን መጣል አልሆነልኝም።»

ፊቱን በእጁ ሸፈነ። «እንግዲያው ስጪኝ» አላት። «አካሏ ነው። ከአፈሯ ይገናኝ።»

በንጹሕ ነጭ ጨርቅ ጠቅልላ ሰጠችው፤ እሷም አብራው ሄደች። መቃብሩ ጎን አፈሩን በእጁ ጭሮ ቀበረውና ዱዓ አደረገ። ዕፀገነት እንባዋ መጣ።

«አብሽሪ፣ ልጄ» አላት። «ያን ቀን ወግተሻት ብትሞት፣ አንቺን ስረግም እኖር ነበር። ሳትወጊያትም ስረግምሽ ኖሬያለሁ። አሁን ደከመኝ።»

ወደ አስፋልቱ ሲወጡ ሥራዋን ትታው እንደሆነ ጠየቃት።

«አልተውኩም። ፕሮቲኑን እንደገና አዝዣለሁ። የሂዳያ ዓይነት ሕመም ያለባት ሕፃን ከውቅሮ አምጥተውልኛል።»

አብዱልወዱድ ቆመ።

«ኢንሱሊን ትወስዳለች?»

«ጀምራለች።»

«አባቷን አገናኚኝ» አላት። «መብራት ሲጠፋ ኢንሱሊኑ እርጥብ ጨርቅ በለበሰ እንስራ ውስጥ እንዴት እንደሚቆይ ላሳየው።»