በጾም ቀን የማይቀመስ ጆንያ

ለሚመለከተው ሁሉ! በጋሼ ባህረዲን የጅምላ ሱቅ ደጃፍ ከቆሙት ሁለት ጆንያዎች አንደኛው ስኳር፣ ሌላው ጨው መሆኑ በዛሬው ዕለት በይፋ ተረጋግጧል። የቱ የቱ እንደሆነ ግን የሚያውቅ የለም።

ዝናብ ጽሑፋቸውን አጥቦታል፤ ሁለቱም ዱቄት እስኪመስሉ የደቀቁ ናቸው። የመስጊዱ ሰዎች ለማፍጠሪያ ሻይ የሚሆነውን ስኳር ሊወስዱ ቆመዋል። እንዳይቀመስ ረመዳን ነው። ጎረቤቱ ኑሪ «በምላስ ነክቶ መትፋት ይቻላል» ቢል፣ ይቻላል አይቻልም እየተባለ በነጋዴው ቁጥር ልክ ፈትዋ ተሰጠ፤ የሚቀምስ ግን ጠፋ።

«ጥጋቡ፣ አንተ ክርስቲያን ነህ፤ ቅመስልን እንጂ!» አሉ ጋሼ ባህረዲን ኩሊያቸውን።

«አልቀምስም» አለ ጥጋቡ፣ የኬሚስትሪ መጽሐፏን ወደ ዘረጋችው ሱሀይር እያየ።

ሱሀይር የጋሼ ባህረዲን ልጅ ናት፤ አስራ ሁለተኛ ክፍል። አባቷ «ከኢድ በኋላ ትምህርቱ ይበቃሻል፣ ሱቅ ትቀመጫለሽ» ብለው ወስነዋል። ከባንኮኒው ጀርባ ብድግ አለች።

«አባ፣ ሳልቀምስ ብለየውስ?»

«በምን? በዚያ ፕላዝማ በምትሉት የትምህርት ቤት ቴሌቪዥን?»

«ከለየሁት የዩኒቨርሲቲ መግቢያውን እፈተናለሁ።»

«ለዪዋ! ኑሪ ምስክር ነው።»

ኑሪ ከምን አለሽ ተራ አሮጌ የመኪና ባትሪ፣ ሽቦና ትንሽ አምፖል ይዞ መጣ። ሱሀይር ከየጆንያው እፍኝ እፍኝ ዘግና በሁለት ብርጭቆ ውሃ በጠበጠች። ሽቦውን መጀመሪያው ውስጥ ነከረች። ጨለማ።

«አምፖሉም ጾሟል!» ኑሪ ሳቀ።

ወደ ሁለተኛው አዛወረችው። አምፖሉ ፈዘዝ ብሎ በራ። ሱቁ በጩኸት ተናጋ።

«ይሄ ጨው ነው፤ አዮኒክ» አለች። «ሶዲየም ኤሌክትሮኑን ለክሎሪን ያስረክባል፤ ከዚያ ተቃራኒ ቻርጅ ይዘው ይሳሳባሉ። ውሃ ሲገቡ ይለያያሉ። ኤሌክትሪኩን የሚያሻግሩት እነሱ ናቸው።»

«ስኳሩስ?» አሉ አባቷ።

«ኮቫለንት። ሽርክና በለው አባ። አቶሞቹ ኤሌክትሮናቸውን በጋራ ይይዛሉ፤ ቢሟሟም ሽርክናው አይፈርስም። ቻርጅ ስለሌለው አምፖል አያበራም።»

«የማይፈርስ ሽርክና?» አለ ኑሪ። «መርካቶ ውስጥማ አላየሁም!»

የማፍጠሪያው አዛን ተሰማ። መስጊድ በር ላይ የመጀመሪያው ሻይ ተጠጣ፤ ማር ነው። ጋሼ ባህረዲን ላለፈ ላገደመው «የኔ ልጅ ናት! ዩኒቨርሲቲ ነው የምትገባው!» ይላሉ፤ ሐሳቡን ከድሮም እሳቸው ያመነጩት ይመስል።

ኋላ ነው ትዝ ያላቸው።

«አንተ ጥጋቡ፣ አንዴ ጣትህን ብትልስ ትገላግለን አልነበር? ለምን እምቢ አልክ?»

ጥጋቡ ወደ ሱሀይር አየና ሻዩን ፉት አለ።

«አልናገርም።»

«ምን ማለት ነው?»

«አልናገርም አልኩዎት፣ ጋሼ።»