ሳታይሽ ውጪ

«ሳታይሽ ውጪ» አሉ እማማ ዳሲቱ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ የንፍሮውን ሳህን ገፋ እያደረጉ። «እንቅልፍ እየወሰዳት ነው። ከነቃች አትለቅሽም። እኔ አባብላታለሁ።»

የወይዘሮ በላይነሽ ሳልስት ነው። እድርተኞቹ ድንኳኑን ሊያነሱ ገመዱን መፍታት ጀምረዋል፤ ለቀስተኞቹን ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚወስደው ሚኒባስ አስፋልቱ ዳር ቆሟል። የሟች ልጅ እየሩሳሌም አግዳሚው ላይ ተቀምጣለች፤ የአራት ዓመቷ ልጇ ፌኔት የነጠላዋን ጫፍ በጡጫዋ ጨብጣ ጭኗ ላይ ተኝታለች። እየሩሳሌም ሦስት ቀን ሙሉ እንባ ጠብ አላላትም። ጥግ ያሉት ሴቶች «ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም» ሲባባሉ ሰምታ፣ ሆድ ይፍጀው ብላ አልፋዋለች።

ከነጠላ ሾልኮ መውጣትን በሕፃንነቷ ነው ያወቀችው። እናቷ በላይነሽ የፋብሪካ ሠራተኛ ነበረች። ፈረቃዋ ሲደርስ ልጇን እዚሁ አቃቂ በሰቃ፣ ለግቢ ጎረቤቷ ለዳሲቱ ትታ ትሄዳለች። ልጅቱ የእናቷን ነጠላ ይዛ ሸለብ ሲያደርጋት፣ እናት ቀስ ብላ ከነጠላው ትወጣና እልም ትላለች። ልጅቱ ብዙም ሳትቆይ ትነቃለች፤ በእጇ የምታገኘው ጨርቁን ብቻ ነው።

ካደገች በኋላ ደግሞ ሾልኮ መሄድ የራሷ ጠባይ ሆነ። ባሏ ገዳ ሁለት ጊዜ ከሥራ ሲመለስ ቱሉ ዲምቱ ያለውን ቤታቸውን ባዶ አገኘው፤ ሳይጣሉ፣ ምንም ሳትነግረው፣ ልጇን ይዛ እናቷ ዘንድ ሄዳ ነበር። ፊርዶስ የምትባል የሥነ ልቦና አማካሪ ዘንድ መሄድ የጀመረችው በእሱ ውትወታ ነው።

«ሁልጊዜ በሩ አጠገብ ያለውን ወንበር ነው የምትመርጪው» አለቻት ፊርዶስ አንድ ቀን። «ሰው ጥሎኝ ይሄዳል ብለሽ ስለምትፈሪ ቀድመሽ ትሄጃለሽ። ለልጅሽ ግን ስትወጪ ንገሪያት። ታልቅስ።»

«እኔም እንዲሁ ነው ያደግኩት፤ ምን ሆንኩ?» ብላ ሳቀች እየሩሳሌም። ምን እንደሆነች ግን ልቧ ያውቀው ነበር። ፊርዶስ የመጨረሻው ቀጠሮ መሰነባበቻ ይሁን ስትላት እሺ አለችና በቀኑ ስልኳን አጥፍታ ቀረች።

የእናቷ ነገር ከሁሉም ይብሳል። ሐሙስ አመሻሹ ላይ ሆስፒታል አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ሳለ፣ በላይነሽ የልጇን ነጠላ ጫፍ ይዛ አሸለበች። እየሩሳሌም ብነግራት ታለቅሳለች ብላ አሰበችና ከነጠላው ሾልካ ወጣች። ጠዋት ልትመለስ ነበር። ነርሷ በኋላ እንደነገረቻት እናቷ ነቅታ «የሩስ የታለች?» ብላ ሁለቴ ጠይቃለች። ሳይነጋ አረፈች። አሁን ፌኔት የጨበጠችው ያንኑ ነጠላ ነው።

«እናትሽንም ይህንኑ የመከርኳት እኔ ነኝ» አሉ እማማ ዳሲቱ፣ ዓይናቸውን ከሕፃኗ ሳይነቅሉ። «ሳታይሽ ውጪ አልኳት። እሷ ግን ወዲያው አትሄድም ነበር። ከቆርቆሮው አጥር ኋላ ቆማ ልቅሶሽ እስኪያባራ ታዳምጣለች። ስንቴ ፈረቃ አምልጧታል። ለየሩስ እንዳትነግሪያት ብላ አስምላኝ ነው ዝም ያልኩት።»

እየሩሳሌም ዕድሜዋን ሙሉ እናቷ በቀላሉ ጥላት የምትሄድ ይመስላት ነበር። ይህን ሐሙስ ዕለት አውቃው ቢሆን ኖሮ ከዚያ አልጋ ባልተነሳች። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሆነባትና ሦስት ቀን እምቢ ያላት እንባ ወረደ።

ሚኒባሱ ጥሩምባውን ነፋ። የፌኔት ጡጫ ላላ ብሏል። እማማ ዳሲቱ አሁን ውጪ በሚል ዓይን አዩዋት።

እየሩሳሌም ልጇን አግዳሚው ላይ አስተኝታ፣ ፊቷ ተንበርክካ ጉንጯን ዳሰሰቻት።

«ፌኔት፣ ንቂ እናቴ። የአያትሽ መቃብር ጋ ልሄድ ነው። እመለሳለሁ።»

ልጅቱ ድንኳኑን በልቅሶ አናጋችው። ሴቶቹ አጉረመረሙ፤ የተኛ ልጅ ቀስቅሶ የሚያስለቅስ ማን ነው፣ ደግሞስ ያለ ነጠላ ቤተ ክርስቲያን ይኬዳል ወይ? እየሩሳሌም ልጅቱ እያየቻት ነጠላውን ከትከሻዋ አውርዳ አልብሳት ነበርና። ከዚያ ተነስታ፣ ፊቷን ከልጇ ሳታዞር፣ እስከ ቆርቆሮው በር ድረስ የኋሊት ሄደች።