ሳጂድ የላከው በሬ

"ፀሐዩ! ኧረ ውጣና እይ፣ በሬ መጥቷል!"

የሻረግ ከግቢው በር ላይ ስትጣራ ባሏ መምህር ፀሐዩ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ስልኩን እየጎረጎረ ነበር። ነጠላ ጫማውን አጥልቆ ወጣ። ቀንደ ሰፊ ዳለቻ በሬ በሩን ሞልቶ ቆሟል። ገመዱን የያዘው አለኸኝ ነው፤ ሳጂድ ሱቅ ዕቃ የሚያወርደው ጎረምሳ።

"ምን አለህ?" አለው ፀሐዩ።

"ማን?"

"ሳጂድ ነዋ!"

"'ይህን በሬ ለፀሐዩ አስረክብ' አለኝ።"

"ሌላስ?"

"ሌላማ ምን ይላል? 'ሙቀቱ እንዳይጎዳው ውኃ አጠጡት' ብሏል።" አለኸኝ ገመዱን አስጨብጦት ሄደ።

እሑድ የሳጂድ ልጅ የሩፊዳ ሠርግ ነው። በመተማ እንዲህ ያለ ሠርግ ሁለት ዳስ ይጣልለታል። ደጋሹ ሙስሊም ከሆነ ለክርስቲያን እንግዶቹ የሚታረደውን በሬ ለክርስቲያን ወዳጁ ይሰጣል፤ ያ ወዳጅ በስመ አብ ብሎ ያርዳል፣ ያሠራል፣ ዳሱን ይዞ እንግዳውን በደጋሹ ስም ያስተናግዳል። ደጋሹ ክርስቲያን ሲሆን ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ይህ አደራ እንዲሁ ለመንገደኛ አይሰጥም። ፀሐዩ የሻረግን ሲያገባ የሙስሊሙን ዳስ የያዘው ሳጂድ ነበር፤ የመጨረሻው ሽማግሌ ጠግቦ እጁን እስኪታጠብ ድረስ ሳጂድ አንዲት ጉርሻ አልቀመሰም። ስለዚህ የሩፊዳን ዳስ ማን እንደሚይዝ ልጅቱ ዳዴ ስትል ጀምሮ ያለቀ የደቀቀ ጉዳይ ነበር።

ትናንት ግን ተጣሉ። የተጣሉትም፣ ጉድ በሉ፣ ፌስቡክ ላይ ነው።

"የመተማ ልጆች" የሚባል የፌስቡክ መንደር አለ። በደህና ቀን የጠፋ አህያ ይፈለግበታል፣ መርዶ ይነገርበታል፣ ጎንደር የሚወጣ መኪና ይጠየቅበታል። በዚያ ሳምንት የሱዳን ድንበር ላይ ግርግር ተነሥቶ ስለነበር የድልድዩ መተላለፊያ ይዘጋ አይዘጋ የሚል ክርክር ተጀመረ። ፀሐዩ "የገበሬው መሬት እስኪመለስ ይዘጋ" አለ፤ አጎቱ ሲያርሱት የኖሩት ማሳ ማዶ ቀርቶባቸዋል። ሳጂድ ደግሞ "ሲዘጋ የሚራበው ባለሥልጣን አይደለም፣ ተሸካሚውና ሻይ ሻጯ ናቸው፤ በንግግር ይፈታ" አለ። እስከዚህ ጤና ነበር። ከዚያ ተመልካቹ በዛ፤ ለፀሐዩ የሚያጨበጭበው ሲበረክት ጣቱም አብሮ ፈጠነ። "ያንተ ልብ ድሮም ከድልድዩ ማዶ ነው" ብሎ ለሳጂድ ጻፈለት። ይህ ሰው እንግዲህ የሥነ ዜጋ መምህር ነው!

"እኔስ የሚገርመኝ፣" አለች የሻረግ በሬውን ጥላ ሥር እያሰረች፣ "ዕረፍቱ አልቆ ክፍል ስትገባ ለልጆቹ ምን ልትላቸው ነው? መቻቻል የሚለውን ምዕራፍ ልትዘለው ነው?"

"ተይኝ እስቲ የሻረግ።"

"እኔማ ልተውህ። በሬው ይተውህ እንደሆነ እይ።"

ፀሐዩ በሬውን እያየ ቆመ። የዕርቅ ይሁን ወይስ "አደራህን ተወጣና ከዚያ በኋላ አላውቅህም" ለማለት የተላከ፣ ማን ይንገረው? በሬ አይናገር።

ትንሽ ቆይቶ አያ ውባንተ ከዘራቸውን እያስቀደሙ ገቡ። በሰፈሩ ሠርግ ሁሉ ቢላዋ የሚስሉት እሳቸው ናቸው፤ በሰፈሩ ጠብ ሁሉ የሚሸመግሉትም እሳቸው ናቸው። በሬውን ዞረው አዩት።

"አይ ሳጂድ! ወገቡን አየኸው? እግዜር ይስጠው።" የሻረግ ያቀረበችላቸው በርጩማ ላይ ተቀምጠው ሞረዳቸውን አወጡ። "ስማኝማ ልጄ፣ በስልክ ተጣሉ ሲሉ ሰማሁ። እስቲ አንብብልኝ፣ እኔ ፊደል አልቆጠርሁ።"

"ተራ ነገር ነው አያ፣ ይተዉት።"

"ተራ ከሆነማ ምን ያስፈራሃል?"

ፀሐዩ ማንበብ ጀመረ። የራሱን ሐሳብ ሲያነብ ሽማግሌው "እውነት ነው፣ መሬትማ እንዴት ይረሳል" አሉ። የሳጂድን ሲያነብም "ይህም እውነት ነው፣ ሻይ ሻጯ ምን በላች" አሉ። ያቺ መስመር ላይ ሲደርስ ድምፁ ወረደ።

"አልሰማሁም። ጮክ በል፣ ጆሮዬ ደክሟል።"

"'ያንተ ልብ ድሮም... ከድልድዩ ማዶ ነው' ነው የሚለው።"

የሻረግ አፏን በእጇ ያዘች። ትናንት ሲጽፈው ምንም ያልመሰለው ቃል፣ አሁን በገዛ አንደበቱ ሲወጣ ምላሱን አቃጠለው።

"እሱስ ምን መለሰ?" አሉ አያ ውባንተ።

"'በሕግ አምላክ ፀሐዩ! እዚህ ላይ ይብቃን' አለ።"

"እሰይ! ከዚያ ቆማችኋላ።"

ፀሐዩ ስልኩን ዝቅ አደረገ። ከዚያም "እኔ ደግሜ ጻፍሁ" አለ።

የሽማግሌው እጅ ሞረዱ ላይ ቀረ። "በሕግ አምላክ ካለህ በኋላ?"

"አዎ።"

"ተናገርህ?"

"ጻፍሁ እንጂ አልተናገርሁም፣ አያ።"

"መጻፍ መናገር አይደል?"

በዚህ አገር ዱላ የሰነዘረ ሰው እንኳ "በሕግ አምላክ!" ሲባል ክንዱን ይሰበስባል። ፀሐዩ በዓይኑ አይቷል፤ ገበያ መሀል ሁለት ጎልማሶች ሊከሳከሱ ሲሉ አንዲት በርበሬ ሻጭ ያቺን ቃል ስትጮህ ሁለቱም ባሉበት ደርቀው ቀሩ። የንቀት ነገር አይደለም የሱ። ስልክ ላይ ድምፅ የለ፣ ፊት የለ፤ በሕግ አምላክ ከስድቡና ከሳቁ እኩል ተሰልፋ ስትመጣ እንደ ተራ ቃል አንብቧት አለፈ። ለካስ የረገጠው ሕግ ነው!

አያ ውባንተ አልተቆጡም። መቆጣቱ በተሻለ። "እኔ ስሸመግል ስኖር በሕግ አምላክን ያለፈ ሰው ገጥሞኝ አያውቅም፤ ምን እንደሚባልም አላውቅ" ብለው ወደ ቢላዋቸው ተመለሱ።

ፀሐዩ ስልኩን ሊዘጋ ሲል አዲስ ነገር አየ። "የድንበር ነብር" በሚል የብዕር ስም የተደበቀ አንዱ እንዲህ ጽፏል፦ "መምህር ፀሐዩ እንዳለው ልቡ ማዶ ነው። እሑድ ሠርጉ ላይ የሚገኝ ክርስቲያን ከባንዳ ጋር እንደበላ ይቆጠራል።" ከሥሩ "እኔ ቀርቻለሁ"፣ "እኔም" የሚሉ ተደርድረዋል። የሩፊዳ ዳስ ባዶ ሊቀር ነው፣ ያውም በሱ አፍ! ከአፍ ከወጣ አፋፍ ማለት ይህ ነው። ልጅቱ "ጋሼ" እያለች ደብተሯን ይዛ እዚህ ግቢ ያደገች ናት።

"የት ነው?" አለች የሻረግ ሸሚዙን ሲቀይር አይታ።

"ሳጂድ ጋ። ከጁምዓ ሲወጣ እንዳላጣው።"

ሳጂድ ነጭ ጀለቢያውን እንደለበሰ ሱቁ ውስጥ ቶብ የሚባለውን የሱዳን ሴቶች መጎናጸፊያ እያጣጠፈ አገኘው። ቀና ብሎ አየውና ማጣጠፉን ቀጠለ።

"በሬው ደረሰ?"

"ደረሰ።"

"ውኃ ጠጣ?"

"ባልዲውን ሊውጠው ነበር።" ፀሐዩ ደፉ ላይ እንደቆመ ነው። "ሳጂድ፣ በሕግ አምላክ ብለኸኝ አልቆምሁም።"

የሳጂድ እጅ ቆመ። "አዎ። ያመመችኝ እሷ ናት። ማዶ ያልኸኝን 'ተናዶ ነው' ብዬ ልተወው ነበር። በሕግ አምላክ ብዬህ ስታልፈኝ ግን የማላውቀው ሰው ሆንህብኝ።"

"በድያለሁ። ይቅር በለኝ።"

"ኩብራ ጠዋት 'ዳሱን ለሌላ ስጥ' ብላኝ ነበር፤ ሚስቴን ታውቃታለህ።"

"ታዲያ ለምን ላክህልኝ?"

ሳጂድ ቶቡን አስቀመጠ። "ለማን ልስጥ? አባቴ የሞቱ ጊዜ ክርስቲያኑን ለቀስተኛ ሰብስበህ ያስተናገድህልኝ አንተ አይደለህም? አፍህ ሲናደድ ይስታል እንጂ እጅህ በሰው እንግዳ ላይ ስቶ አያውቅም። ግባ እንጂ፣ ምን በር ላይ ያስቆምሃል!"

ፀሐዩ ገባና ትከሻ ለትከሻ ተሳሳሙ። "እግዜር ይስጥልኝ ሳጂድ" ብቻ አለ። እንዲህ ያለ ወዳጅ የሰጠውን አምላኩን ግን በሆዱ ደጋግሞ አመሰገነ።

"በድንበሩ ነገር ግን ተሳስተሃል፣ ያ ዙል" አለው ሳጂድ በሱዳኖቹ አጠራር ትከሻውን መታ እያደረገ።

"የተሳሳትህስ አንተ ነህ።"

"አልሐምዱሊላህ! ጤናህ ተመልሷል።"

ሁለቱም ሳቁ። ቀጥሎ ፀሐዩ የነብሩን ጽሑፍ አሳየው። ሳጂድ አንብቦ ፊቱ ጠቆረ። "ሩፊዳ ይህን እንዳታይ" አለ።

"የኔን መስመር ልሰርዛት?"

"ያየ አይቷታል። በተናገርህበት አደባባይ መልሳት።"

ፀሐዩ ቤቱ ተመልሶ በሬው አጠገብ ተቀመጠና ጻፈ፦ "ትናንት ወንድሜን ሳጂድን ማዶ ነህ ብዬዋለሁ፤ ሐሰት ነው። በሕግ አምላክ ሲለኝም አልቆምሁም፤ ይህ ከስድቡ ይብሳል። በሁላችሁም ፊት ይቅርታ እጠይቀዋለሁ። መተላለፊያው ይዘጋ የሚለው ሐሳቤ እንዳለ ነው፤ የሱም እንዳለ ነው። እሑድ የክርስቲያኑን ዳስ የምይዘው እኔ ነኝ። በሬው ትልቅ ነው፣ ኑ።"

ነብሩ "ተገዝተህ ነው" አለ። ይበል። ሌላው ግን "እንመጣለን መምህር" ማለት ጀመረ፤ ቀርቻለሁ ያለውም አንዱ "ቅድም ቸኩዬ ነው" ብሎ ተመለሰ። ፀሐዩ እያንዳንዱን "ተባረክ፣ ተባረኪ" እያለ አነበበ።

ወዲያው የሳጂድ ጽሑፍ መጣ፦ "አክብረኸኛል፣ አላህ ያክብርህ። አሁን ግን ልሞግትህ። ቢዘጋ መሬቱ የሚመለሰው በምን መንገድ ነው? አስረዳኝ።"

ፀሐዩ መልስ አላጣም። አጎቱን ጠቀሰ፣ ማሳውን ጠቀሰ፣ ደህና አድርጎ አስረዳ። መጨረሻ ላይ ጣቱ አመሉን አልረሳምና "ለነጋዴ ይህ ምኑ ይገባዋል" የምትል ጨመረ። ሊልከው አውራ ጣቱን አሳረፈ፤ መልሶ አነሣው። ከዚያ የጻፈውን ጮክ ብሎ ያነበው ጀመር።

"ከማን ጋር ነው የምታወራው?" አለች የሻረግ ከጓዳ።

"ከሳጂድ በሬ ጋር!"

የመጨረሻዋ መስመር ላይ ሲደርስ ድምፁ እንደ ጠዋቱ ወረደበት። ሰረዛት። በእሷ ፋንታ "የኔ ምክንያት ይህ ነው፤ ያንተን ደግሞ ልስማ" ብሎ ጻፈ። እንደገና ከላይ እስከ ታች፣ ሳይደነቃቀፍ አነበበው።

እዚያው በርጩማው ላይ የነበሩት አያ ውባንተ ከቢላዋቸው ቀና ሳይሉ፣ "ይኸኛውስ ደህና ተሰማኝ" አሉ።

ፀሐዩ ላከው። ስልኩን ኪሱ ከተተና ለበሬው ውኃ ሊቀዳ ባልዲውን አነሣ።