የአትክልት ተራው ጣራ

ቢሊሴ የአትክልት ተራውን መጠለያ ስትነድፍ አብዝታ የተጨነቀችው ለመሠረቱ ነበር። ግድግዳ የሌለው ጣራ ነው፤ የአዳማ ነፋስ ከሥሩ ገብቶ ሽቅብ ያነሳዋል። ስለዚህ የየቋሚው ጉድጓድ አንድ ሜትር ተኩል እንዲወርድና በአርማታ እንዲሞላ በፕላኑ ላይ ጻፈች።

ሥራው ቦታ ስትደርስ ግን ጉድጓዶቹ ከጉልበቷ አያልፉም። በቀጥታ ወደ አለቃዋ ወደ አቶ ንዋይ ቢሮ ሄደች።

«ልጄ፣ ቆርቆሮ እኮ ነው፤ ምን ይከብዳል ብለሽ ነው?» አሏት።

«እኔስ የፈራሁት መቅለሉን ነው። ይነሳል፣ አቶ ንዋይ!»

«ምረቃው ቅዳሜ ነው። እንግዶች ተጠርተዋል።»

ደብዳቤ ጻፈች፤ መዝገብ ቤት ገብቶ እዚያው ቀረ። ቅዳሜ ሪባኑ ሲቆረጥ እሷም ከሰው ጋር አጨበጨበች።

በሁለተኛው ወር፣ ከምሳ በኋላ፣ አቧራ የተሸከመ ነፋስ መጣ። ጣራው ከነቋሚው ተነቅሎ ተነሳ፤ አንዴ ተገለበጠና ሽንኩርት ቸርቻሪዋ ዘሃራ ላይ ወደቀ። አከርካሪዋ ተሰበረ።

ቢሊሴ ሆስፒታል ሄዳ አልጋው አጠገብ ቆመች። «እትዬ ዘሃራ፣ ያንን ጣራ የነደፍኩት እኔ ነኝ» አለቻት።

«አንቺ ምን ታደርጊ፣ የኔ እናት? ነፋሱን ያመጣው አላህ ነው።»

ቢሊሴ ስለ ጉድጓዶቹ ልትነግራት አፏን ከፈተች። ሴትዮዋ ግን ከዚህ ሌላ መጽናኛ አልነበራትም። ሳትነግራት ብርድ ልብሷን አስተካከለችላትና ወጣች።

የምርመራው ሪፖርትም ጣራው የወደቀው «ከአቅም በላይ በሆነ ነፋስ» ነው አለ። ቢሊሴ አልፈርምም ስትል አቶ ንዋይ አልተቆጡም፤ ወረቀቱን ለሌላ መሐንዲስ ሰጡት። ከሰዓት በፊት ተፈርሞ ተመለሰ። እሷን ወደ መዝገብ ቤት አዛወሯት።

በዓመቱ ያው ዓይነት መጠለያ ሞጆ፣ የሚኒባስ መጠበቂያው ላይ እንደተሠራ ሰማችና ሄደች። አንዱን ቋሚ በሁለት እጇ ብትነቀንቀው ተነቃነቀ። ከሥሩ ሃያ የሚሆኑ ሰዎች ተቀምጠዋል።

«ውጡ! ነፋስ ሲመጣ ይነቀላል፤ አዳማ ላይ ሰው ጎድቷል!»

አንድ ሽማግሌ ቀና ብለው አዩዋት። «እሺ የኔ ልጅ፣ ከዚህ ፀሐይ ወዴት እንሂድ?»

ዙሪያውን ቃኘች፤ አንድ ዛፍ እንኳ የለም። ማንም አልተነሳም። ፀሐዩ ላይ ብቻዋን ጥቂት ቆመች። የአዳማው ሚኒባስ ዘገየ፤ ሙቀቱ በረታባት። ሽማግሌው ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁላትና ገብታ ተቀመጠች።