ጠብቆ የሚነበብ

በሰፈሩ «ጠበቃ» ተብሎ ሲጠራ ዞር የምትለው እሷ ናት። ጠበቃ ሆና አይደለም። ስሙ የወጣላት የወተት ጥርሷ ሳይነቀል ሲሆን፣ ታላቅ ወንድሟ በኳስ የጎረቤት መስኮት የሰበረ ዕለት ነው። ሽንጧን ገትራ ቆመችና «በዚህ ሙቀት መስኮት ዘግቶ የሚቀመጥ ሰው ጥፋተኛ ነው፤ ክፍት ቢሆን ኖሮ ኳሱ ዝም ብሎ ይገባ ነበር» ብላ ተከራከረች። ባለ መስኮቱ ሊቆጣ ፈልጎ ሳቁ አመለጠው። ወንድሟ ከዱላ ተረፈ፤ እሷም ከዚያ ወዲያ እናት አባቷ ባወጡላት ስም የሚጠራት ጠፋ።

ስታድግ ሥራ ያገኘችው ፍርድ ቤት ፊት ለፊት ባለች ጠባብ ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ ነው። ይግባኝ፣ ክስ፣ መልስ፣ የመልስ መልስ፣ ሁሉም በእጇ ያልፋል። ማሽኑ አንድ ገጽ እስኪተፋ እሷ ሁለት ገጽ ታነባለች። «አንቺ ልጅ፣ ሰዎቹ የሚከፍሉሽ እንድትገለብጪላቸው ነው እንጂ እንድትፈርጂላቸው አይደለም» ይላታል ባለ ሱቁ። እሷ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ፣ ወረቀቱን ስትመልስ «ሦስተኛዋ ነጥብ ላይ ተሸንፈዋል» ብላ ባለ ጉዳዩን በቁሙ ታደርቀዋለች።

ሕግ ትምህርት ቤት ለመግባት መፈተን ግድ ነው። ፈተናውን አንድ ሰው በዕድሜው መቀመጥ የሚችለው ሁለት ጊዜ ብቻ ሲሆን፣ አምና ተቀምጣ ለጥቂት ወድቃለች። ስለዚህ የዘንድሮው የመጨረሻዋ ነው፤ ካለፈች አለፈች፣ ከወደቀች ወይም ከቀረች ዕድሜ ልኳን የሰው ክርክር ስትገለብጥ ትኖራለች። ይህን ማንም እንዲያስታውሳት አትፈልግም ነበር። በእንቅልፍ ልቧም ታውቀዋለች።

እናትየው ልብስ ተኳሽ ነች። የላውንድሪ ቤቶች ልብስ በጆንያ እየመጣላት፣ ሳሎኑ መሀል ባለው ጠረጴዛ ላይ ካውያዋን ስትገፋ ትውላለች። «ሥራሽ ምንድን ነው?» ላላት እንግዳ ሰው «ተኳሽ ነኝ» ብላ ፊቱን ማየት ትወድ ነበር። ልጇ ከሥራ ስትመለስ ደግሞ በአንድ እጇ ካውያውን እየገፋች፣ በሌላው የመለማመጃ ጥያቄዎቹን ከዓይኗ አርቃ ይዛ ትጠይቃታለች። ጉዱ የሚፈላው እዚህ ላይ ነው።

«‹ተከሳሹ ባይቀርብም ምስክሩ ይሰማል።› ይኼ ደግሞ ምን ያስጽፋል? ካልሰማማ ምኑን ምስክር ሆነ? ደንቆሮ ሰው ነው እንዴ የሚጠሩት?»

«እማዬ፣ አላልተሽ አነበብሽው እኮ! አጥብቂው። ይሰማል። እሱ አይደለም የሚሰማው፣ ዳኞቹ ናቸው እሱን የሚሰሙት።»

«ታዲያ እንደዛ ብለው አይጽፉም?»

«ፊደሉ አንድ ነዋ! ጠበቀም ላላም ያው ነው የሚጻፈው። አንባቢው ነው የሚለየው።»

«ኧረ ተዪኝ! ቀኑን ሙሉ የሰው ጭምድድ ሳቃና ውዬ፣ አሁን ደግሞ ቃል አጥብቂልኝ ትይኛለሽ?»

ሁለቱም እስኪያነቡ ይስቁና የአንድ የማያውቁት ሰው ሸሚዝ በካውያው ከመቃጠል ለትንሽ ይተርፋል።

ነገሩ ቀልድ ብቻ አልነበረም። እሷንና ሌሎቹን ተፈታኞች ለፈተናው የሚያዘጋጃቸው ጡረታ የወጣ ጠበቃ በማጠናከሪያ ክፍሉ ውስጥ ደጋግሞ የሚነዘንዛቸው ይህንኑ ነው። ጥቁር ሰሌዳው ላይ አንዲት አጭር ዓረፍተ ነገር ይጽፍና «ስንት ሕግ አለ እዚህ ውስጥ?» ይላል። ተማሪው «አንድ» ሲል ይናደዳል። «ዓይናችሁን አትመኑት። ዓይን የለመደውን ነው የሚያነብላችሁ። መጀመሪያ አጥብቃችሁ አንብቡት፣ ቀጥሎ አላልታችሁ፣ ከዚያ በኋላ ነው መፍረድ» ይላቸዋል። በዚህ የሚደርስባት አልነበረም። ሌሎቹ አንድ ትርጉም ይዘው ሲያመነቱ እሷ ሁለቱን አውጥታ፣ የትኛው ለማን እንደሚያዳላ ትናገራለች። መምህሩ ለምስጋና ስስታም ስለነበረ «እህ» ይላታል፤ እሷም ያቺን «እህ» ይዛ ቤቷ እስክትደርስ ትደሰታለች።

ወንድሟ የጭነት መኪና ሾፌር ነው። ሥራ የሌለው ቀን እቤት ስለሚውል፣ የእናታቸውን ትእዛዝ በስልክ የሚያስተላልፍላት እሱ ነው። እናትየው ካውያ ይዛ ስልክ አትይዝም። እሱ ደግሞ ወፍራም አውራ ጣት ያለው ሰው ነው፤ ነጥብ፣ ሰረዝ፣ ሰላምታ ብሎ ነገር አያውቅም። ፎቶ ኮፒ ቤቱ ውስጥ ስልኳ ጢው ካለ መልእክቱ ይኸው ነው፦ «ሳሙና ይዘሽ ነይ እማዬ አለች»፤ «ጃንጥላሽን አትርሺ እማዬ አለች»፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ «ቶሎ ነይ እማዬ አለች»። እናትየው ቸኮላ አትጠግብም። ልጇ ቶሎ መጥታም «ምን ቆየሽ?» የምትል ሴት ነበረች።

ፈተናው ሲቃረብ እናትየው ታመመች። ካውያውን አቁማ፣ ደረቷን ይዛ ጆንያዎቹ ላይ ቁጭ አለች። ልቧ ነው አሉ፤ ሆስፒታል ተኛች። ወንድምና እህት እየተፈራረቁ አስታመሟት። ልጅቷ አልጋው ጫፍ ላይ መጽሐፏን ዘርግታ ታነብ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ግን የምታየው ፊደል ሳይሆን የእናቷ ደረት ከፍ ዝቅ ማለቱን ነበር። እናትየው ዓይኗን ሳትገልጥ «ገጹን አልገለጥሽም» ትላታለች። ታማም ትጨቀጭቃለች።

ከፈተናው በፊት በነበረው ቀን ተሻላት። ቀና ብላ ተቀመጠች፤ ሾርባም ቀመሰች። ሐኪሟ፣ በዕድሜ ልጅቷን የምታክል ሴት፣ በዚሁ ከቀጠለች ወደ ቤቷ ትመለሳለች አለች። ልጅቷ ግን እግሯ አልሄድ አላት።

«ነገ እዚሁ ብውልስ?» አለች።

«ነገ እዚህ ባገኝሽ አንተማመንም!» አለች እናትየው። «እኔን ቁጭ ብለሽ ብታዪኝ ምን እጨምርልሻለሁ? ሂጂና ያንን ምስክርሽን አሰሚልኝ።»

ኮሪደር ላይ ወንድሟን ክንዱን ያዘችው። «ጋሼ፣ አንድ ነገር ከሆነች ትጠራኛለህ። ፈተና መሀል ብሆንም ትቼው ነው የምመጣው። ይለፈኝ። ማልልኝ።»

«እማዬን!» አለ፤ ከዚህ የከበደ መሐላ አልነበረውም።

በማግስቱ ጠዋት የፈተናው አዳራሽ በር ላይ ተሰለፈች። ጥበቃው፣ ድምፁ የጎረነነ ሽማግሌ፣ የተፈታኙን ስልክ እየተቀበለ ቁጥር በተጻፈበት ላስቲክ ውስጥ ይከታል። «ስልክ! ስልክ! ቶሎ በሉ እንጂ!» ከፊቷ ሁለት ሰው ሲቀር ስልኳ ተንቀጠቀጠ። የወንድሟ መልእክት ነበር።

«ቶሎ ነይ እማዬ አለች»

ልቧ መጀመሪያ ድንግጥ አለ። ወዲያው አነበበችውና ፊቷ በራ። እማዬ «ቶሎ ነይ» አለች! ነቅታለች፣ ጎበዝ! ልጇ ገና አዳራሽ ሳትገባ «ምን ቆየሽ» ማለት ጀምራለች! ከኋላዋ ለተሰለፈችው ለማታውቃት ልጅ ስልኩን ዘረጋችላትና «እናቴ ናት፤ ታማ ነበር። መጨቅጨቅ ከጀመረች ድናለች ማለት ነው» አለቻት። ልጅቷም ደስ ብሏት ሳቀችላት። ጥበቃው እጁን ዘረጋ፤ ስልኩን አጥፍታ ሰጠችው።

እንዲህ ቀለል ብሏት ተፈትና አታውቅም። አንዱ ጥያቄ ስለ ቤት ኪራይ ውል ነበር። «አከራዩ ሲጠራ የመምጣት ግዴታ አለበት» ይላል ውሉ። የሚመጣው ማነው? አንብባ ፈገግ አለች። «ሲጠራ» ከላላ ጠሪው አከራዩ ነው፤ መምጣት ያለበት ተከራዩ ነው። ከጠበቀ የሚጠራው አከራዩ ነው፤ መምጣት ያለበትም ራሱ ነው። ሁለቱንም ጻፈች፤ የትኛው ሚዛን እንደሚደፋና ለምን እንደሚደፋ አብራራች። ጨርሳም አልወጣችም። ጊዜው እስኪያልቅ እየመላለሰች አነበበች፣ ፊደል አስተካከለች። ከአዳራሹ ከወጡት የመጨረሻዎቹ ውስጥ ነበረች።

ስልኳን ስትከፍት ያልገቡ ጥሪዎች ማሳወቂያ ተደርድሮ ጠበቃት። ሁሉም የወንድሟ ነው። ደወለች፤ አያነሳም። ደገመች። ያገኘችው ታክሲ ውስጥ ዘላ ገባች፤ ሾፌሩን «ሆስፒታል!» አለችው።

ወንድሟ ኮሪደሩ ውስጥ ግድግዳውን ተደግፎ መሬት ላይ ተቀምጧል። ያንን የሚያህል ሰው አንሶ አንሶ ልጅ አክሏል። ከኋላው በሩ ክፍት ነው፤ አልጋው ላይ ነጭ አንሶላ እስከ ላይ ተስቧል። ማንም ምንም ሳይላት አወቀች።

«ለምን አልመጣሽም?» አላት። ቁጣ አልነበረውም፤ ግራ የገባው ሰው ድምፅ ነው።

«ጋሼ…»

«ስደውል አይገባም። ጻፍኩልሽ እኮ! ሐኪሟ የምትጠሩት ሰው ካለ ጥሩ ስትለኝ፣ ወዲያው ጻፍኩልሽ። ቶሎ ነይ፣ እማዬ አለች! አለች አልኩሽ እኮ!»

«ለ»ን አጠበቃት። ትንፋሹን ሁሉ ሰብስቦ አጠበቃት። አለች፤ በሕይወት አለች፤ ገና አለች፤ ድረሺባት። እሷ ደግሞ አላልታ አንብባው ሳቀች። ለማታውቃት ልጅ አሳየች። ሌላውን ሁሉ አጥብቃም አላልታም ስታነብ የኖረች ሰው፣ ይህችን አንዲት ቃል አንዴ ብቻ አንብባ ስልኳን አስረከበች።

በክፍቱ በር ወደ አልጋው አየች።

«ትጠይቀኝ ነበር» አለ ወንድሟ፣ ወለሉን እያየ። «‹መጣች ወይ?› ትለኛለች። እየመጣች ነው፣ መንገድ ላይ ናት እላታለሁ። ትንሽ ቆይታ ደግሞ ትጠይቀኛለች። በኋላ ቃል ሲያቅታት በሩን በሩን ታይ ጀመር። ሰው በገባ ቁጥር ቀና ልትል ትሞክራለች።» አፍንጫውን በእጅጌው ጠረገ። ከዚያ ቀና ብሎ አያት፤ ዓይኑ ይለምናት ነበር። «ስልካችሁን ቀድመው ሰብስበውባችሁ ነው አይደል? አላየሽውም አይደል? አይተሽማ አትቀሪም።»

ጠበቃ ሁለቱንም መልስ መዘነች። እውነቱን ብትነግረው ምን ሊሆን እንደሚችል በአንድ አፍታ ታያት። «አየሁት ጋሼ፤ ግን እንደ ሁልጊዜው መስሎኝ ነው» ብትለው፣ ይህ ሰው እስኪሞት ድረስ በዚያች በጻፋት ቃል ራሱን ሲቀጣ ይኖራል። አንዲት ነጥብ ባስገባ፣ አንዲት ቃል በጨመርኩ ይላል። ከሁለት አንዳቸው መሸከም ነበረባቸው።

«አላየሁትም» አለችው። «ስልኩን ወስደውብኝ ነበር።»

«አውቄዋለሁ!» ብሎ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ፤ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ከዚያ ያንን ጥበቃ ረገመው። አይቶት የማያውቀውን፣ ያንን የጎረነነ ድምፅ ያለውን ሽማግሌ፣ ልቡ ድንጋይ ነው፣ እናት የለውም፣ እንደ እኛው ያድርገው እያለ ረገመው። እሷ አጠገቡ መሬቱ ላይ ተቀመጠች። ለሰውየው አልተከራከረችለትም።

«ጨረስሽው ግን?» አላት ብዙ ካለቀሰ በኋላ።

«ጨረስኩት።»

«እንዴት ነበር?»

«ጥሩ ነበር» አለች። እውነት ነበር፤ እውነት በመሆኑም ራሷን ጠላች።

ውጤቱ በወጣ ቀን ፎቶ ኮፒ ቤቱ ድረስ እየሮጠ ይዞላት የመጣው ወንድሟ ነው። አልፋለች፤ ስሟ ከላይ ከላይ ካሉት መሀል ነበር። ባለ ሱቁ ማሽኑን አጥፍቶ አጨበጨበ። ወንድሟ እናታቸው ከሞተች ወዲህ ሲስቅ ያየችው ያን ቀን ነው። በቆመበት እቅፍ አድርጎ ከመሬት አነሳትና ለባለ ሱቁ፣ ለባለ ጉዳዮቹ፣ በበሩ ለሚያልፈው ሁሉ ይናገር ጀመር፦ እናቷ ስታጣጥር ስልኳን ቀምተዋት ነው፣ ብታይ ኖሮ ጥላው ትሮጥ ነበር፣ እኔ አውቃታለሁ፣ ማሊልኝ ብትሏት ትምልላችኋለች።

«አይደል እህትዓለም?»

ደረቱ ላይ እንደተለጠፈች አንገቷን በአዎንታ ነቀነቀች፤ ከዚያ በላይ መያዝ አልቻለችም፤ ድምፅ አውጥታ ተንሰቅስቃ አለቀሰች። እሱም ጀርባዋን መታ መታ እያደረገ ለሰዎቹ «ተዉአት፣ ደስታ ነው» አላቸው።