መቶ ዘጠኝ ላይ የቆመው ሚዛን

መርሳ ውስጥ ሙሄዲንን የማያውቅ ሰው ካለ ወይ ትናንት የመጣ ነው ወይ ዓይኑ አያይም። የማሾ ነጋዴው ሙሄዲን ሲመጣ መጀመሪያ ሆዱ ይመጣል፣ ቀጥሎ ሰላምታው፣ እሱ ራሱ የሚደርሰው ቆይቶ ነው። ባጃጅ ነጂው ኢዘዲን እንደሚያወራውማ ከሆነ፣ አንድ ቀን ሙሄዲንን ከኋላ ጭኖ ሲነሳ የባጃጁ የፊት ጎማ ከመሬት ተነስቶ በዚያው ቀረ። እስከ ሲሪንቃ በሁለት ጎማ ሄዱ። ኢዘዲን አስፋልቱ ስለማይታየው ደመናውን እያየ ነዳ፤ ትራፊኩም አውሮፕላን መስሎት እጁን አውለብልቦ አሳለፋቸው። ኢዘዲን ይህን ሲናገር ከንፈሩ ላይ ሳቅ እንኳ አይታይም።

ሙሄዲንም ድሮ በዚህ ይስቅ ነበር። ከወንድሙ ሞት በኋላ ግን ሳቁ ጉሮሮው ላይ ደርሶ ይመለስበት ጀመር።

ወንድሙ አብዱልሐሊም እንደ እሱው ወፍራም ነበር፤ ስኳርም ደም ግፊትም ነበረበት። አምና በአንዱ ጁምዓ ወደ መስጊድ የሚያወጣውን ዳገት ሲወጣ እመሐሉ ላይ ቆመ፣ ደረቱን ያዘ፣ ቁጭ አለ፣ አልተነሳም። ሐዘኑ ሐዘን ነው፤ ለሙሄዲን የባሰው ግን ቀብሩ ላይ የሆነው ነው። ቃሬዛውን ከፊት በቀኝ በኩል የተሸከመው እሱ ነበር። መቃብሩ ጋ ሊደርሱ ጥቂት ሲቀራቸው እንጨቱ ከጆሮው ሥር «ቀጭ!» አለ። ሰው ተረባርቦ ከሥር በእጁ ደግፎ፣ ሟቹም ሳይወድቅ አፈሩ ውስጥ ገባ። ያ «ቀጭ» ግን ከሙሄዲን ጆሮ አልወጣም። በር ሲዘጋ ይሰማዋል። ሚስቱ ነሲባ ጭራሮ ስትሰብር ይሰማዋል።

ሽማግሌዎቹ ከዚያ በኋላ መክረው የብረት ቃሬዛ አሠሩ። ወፍራም ብረት፣ በአራቱም ማዕዘን ድርብ ብየዳ። መስጊዱ ግድግዳ ላይ ተደግፎ ቆመ። ሙሄዲን ሰግዶ ሲወጣ ባየው ቁጥር፣ እነዚህ ሰዎች ማንን አስበው ነው ብረት ያሠሩት? ይላል በሆዱ። በከተማው እሱን የሚያህል ሌላ ሰው ስላልቀረ መልሱን ለማግኘት ብዙ አልደከመም። ብየዳ ቤቱ በር ላይ ሲያልፍ ባለሙያው «ሰላም አለይኩም፣ ሙሄዲን» ብሎ ቀና ካለ፣ ከትከሻ እስከ እግር የለካው ይመስለዋል። የመስጊዱን ዳገትም ከዚያ ወዲህ በእግሩ አልወጣውም፤ በጀርባ በኩል ዞሮ በኢዘዲን ባጃጅ ይሄዳል።

በመጨረሻ ወልድያ ሄዶ ተመረመረ። ሲስተር ቤዛዊት የምትባል ነርስ ውጤቱን አይታ አላባበለችውም።

«ወንድምዎ ላይ የነበረው ሁሉ እርስዎም ላይ አለ» አለችው። «ስኳሩም፣ ግፊቱም። ክብደት ካልቀነሱ ልብዎ አይችለውም። መድኃኒትዎን ሳያቋርጡ ይውሰዱ፣ ይራመዱ፣ ማዕድዎን ያሳንሱ። ልጅ አለዎት?»

«አንዲት ሴት ልጅ አለችኝ። ሉብና።»

«እንግዲያው ለሉብና ይራመዱ።»

ተራመደ። ሱብሒ ሰግዶ ወደ ሲሪንቃ በሚወስደው አስፋልት ዳር፣ መኪና ጡሩንባ እየነፋበት፣ ውሻ እየጮኸበት ይሄዳል። ሻዩን ያለ ስኳር ጠጣ፤ ፊቱን ያየ ኮሶ የጠጣ ነው የሚመስለው። እንጀራው ግማሽ ሆነ፣ ቅቤው ቀረ። ዓርብ ዓርብ ጠዋት ደግሞ መጋዘኑ ውስጥ ትልቁ የእህል ሚዛን ላይ ይወጣል። ዓይኑን ጨፍኖ ነው የሚቆመው። ዘንጉ ላይ ያለችውን ብረት እየገፋ ቁጥሩን የሚያነብለት የልጅነት ጓደኛው ኢዘዲን ነው።

«አንብብ።»

«ቆይ እንጂ፣ ጆንያው ይርጋ።»

«ኢዘዲን!»

«አብሽር! ቀንሰሃል። ወላሂ እንደዚህ ከቀጠልክ ለአረፋ በቁልፍ ቀዳዳ ትገባለህ።»

ከመቶ ሃያ አራት ተነስቶ ቀስ በቀስ ወረደ። ቀበቶው ላይ በምስማር አዲስ ቀዳዳ ተበሳ፣ ሌላም ተበሳ። የገበያው ሰው «ማሻአላህ» ይለው ጀመር። ሙሄዲንም የብረቱን ቃሬዛ ለሌላ ሰው የተወለት መሰለው።

ከዚያ መቶ ዘጠኝ ላይ ቆመ።

«መቶ ዘጠኝ» አለ ኢዘዲን አንድ ዓርብ። በሚቀጥለውም «መቶ ዘጠኝ።» በሦስተኛው ቁጥሩን ከመናገሩ በፊት ጉሮሮውን ጠረገ፤ ሙሄዲን ከዚያው አወቀው። ሚዛኑን አራገፉት፣ ዘይት ቀቡት፣ ክብደቱ የታወቀ ጆንያ ማሾ ጫኑበት። ሚዛኑ ልክ ነው።

ነገሩ ቁጥር ብቻ ቢሆን ሙሄዲን ይችለው ነበር። ግን አብዱልሐሊም ከመሞቱ ጥቂት ቀደም ብሎ በቀልድ እዚሁ ሚዛን ላይ ወጥቶ ነበር። ያኔም ያነበበው ኢዘዲን ነው፤ እየሳቀ «መቶ ዘጠኝ!» ብሎ ጮኾ ነበር። ሁለቱም አልረሱትም፤ አንዳቸውም አላነሱትም። ሙሄዲን ሚዛኑ ላይ ዓይኑን በጨፈነ ቁጥር ወንድሙ ከጎኑ የቆመ፣ ቦታውን ጠጋ ብሎ የለቀቀለት ይመስለው ጀመር።

ከፍርሃቱ የተነሳ እራቱን ተወ። መንገዱን እጥፍ አደረገው። ጆንያ መሐል ቆሞ ዓይኑ ሲጨልምበት ግድግዳ ይዞ «ያ ረቢ፣ እዚህ አይሁን» ይላል። ቁጥሩ ግን ፍንክች የለም።

አንድ ማለዳ ተነስቶ ወደ ወልድያ ሚኒባስ ተሳፈረ። ሲስተር ቤዛዊት በራሷ ሚዛን መዘነችው።

«መቶ ዘጠኝ» አለች፤ ፊቷ ላይ ግን ፈገግታ ነበር። «ስኳሩ ወርዷል። ግፊቱም ወርዷል። ጎበዝ!»

«ቆመ እኮ ሲስተር። ቆመ!»

«ይቆማል። ሰውነት ሲቀንስ ሲቀንስ ቆይቶ ያለውን አልለቅም ይላል። ብዙ ሰው የሚተወው እዚህ ላይ ነው፤ እርስዎ ግን እንዳይተዉት። እራት መዝለሉንም ያቁሙ፣ እሱ ያደክምዎታል እንጂ አይጠቅምዎትም። አሁን ቀስ እያሉ ትንሽ ዳገት ይጨምሩበት።»

«ዳገት?» ድምፁ ቀጠነ።

ሌላም ብዙ ነገር ነገረችው፤ ከዚያ በኋላ ያለውን አልሰማትም። ሚኒባሱ ሲሪንቃን ሲያልፍ በጆሮው ያለው ሁለት ነገር ብቻ ነበር፦ መቶ ዘጠኝ፣ እና ቀጭ።

ለምሳ ቤቱ ሲደርስ ጫማውን እንኳ አላወለቀም።

«ነሲባ፣ ትልቁን ሳህን አምጪ። ከሥጋ ቤትም ጮማ ያለበት ጥብስ አስመጪልኝ። ቅቤውንም አውርጂው።»

«የሉብና አባት፣ ምን ነካህ?»

«ምንም። መሞቴ ካልቀረ ጠግቤ ልሂድ።»

ሉብና በሩ ላይ ቆማ አባቷን አየችው። እሱ ግን ዓይኗን ሸሸ። ነሲባ ወደ ጓዳ ገብታ በስልክ ኢዘዲን ጋ ደወለች።

ኢዘዲን ሲደርስ ጥብሱ ቀርቦ ቅቤው እላዩ ላይ እየቀለጠ ነበር። ሙሄዲን የመጀመሪያውን ጉርሻ ጠቅልሎ እንደያዘ፣ እንደ እሬት ትክ ብሎ ያየዋል። ኢዘዲን ሳህኑን አየ፣ ነሲባን አየ፣ በሩ ላይ ያለችውን ልጅ አየ። ከዚያ ራሱን አከከ።

«ሙሄዲን፣ አንድ ነገር ልንገርህ። ግን እንዳትመታኝ።»

«ተወኝ።»

«ያ ሚዛን… አንተ ዓይንህን ስትጨፍን እኔ ከኋላ በእግሬ ጫን አደርገው ነበር።»

ጉርሻው አፉ ጋ ሳይደርስ ቆመ።

«ምን አልክ?»

«ለጨዋታ ነው። ጉንጭህ ሲንቀጠቀጥ ደስ ይለኛል። አንተኮ ዘጠና ምናምን ነህ! ዛሬ ነገ እነግረዋለሁ ስል…»

«በወንድሜ ቁጥር? በአብዱልሐሊም ቁጥር ተጫወትክብኝ?»

ሙሄዲን ሲነሳ በርጩማው ከሥሩ «ቀጭ!» ብሎ ተሰበረ። ነሲባ ደነገጠች። እሱ ግን አልሰማውም።

ኢዘዲን ወደ ባጃጁ ሮጠ፤ ቁልፉን እስኪያዞር የሙሄዲን እጅ ኮሌታው ላይ ደረሰ። ባጃጁን ትቶ በእግሩ ፈረጠጠ። አስፋልቱን አቋረጡ፣ በሽንኩርት ሻጮቹ መሐል አለፉ፣ የአንዷን ጥላ ገለበጡ። ኢዘዲን በኋላ እንደሚያወራው አቧራው ከወልድያ ታይቶ ሰው ዝናብ መጣ ብሎ ልብሱን ከገመድ አነሳ። ይህን እንኳ ተዉት። እውነቱ ግን ይኼ ነው፦ ኢዘዲን የሚያመልጥበት ጠፍቶት ወደ መስጊዱ ዳገት ታጠፈ፣ ሙሄዲንም «ቁም አንተ ቀላማጅ!» እያለ ተከተለው።

ጫፍ ላይ ሲደርሱ ኢዘዲን መስጊዱ ግድግዳ ሥር ተዘረረ። ቀጭን ነው እንጂ ሳንባው የቆየ ፊኛ ነው።

«ቆይ… በቃኝ… እዚሁ ልሙት… ቃሬዛውም ቅርብ ነው…»

ሙሄዲን አንድ ጫማውን አውልቆ እጁን አነሳ። ያኔ የብረቱን ቃሬዛ ከፊቱ አየው። ዞር ብሎ ወደ ታች አየ። ዳገቱ፣ ወንድሙ ቁጭ ያለበት ድንጋይ፣ ከዚያ በታች ገበያው፤ ሁሉም ከእግሩ ሥር ነው።

ፍርሃቱ ዘግይቶ ደረሰ። ጫማው ከእጁ ወደቀ፣ ደረቱን ያዘ። ልቡ ይደልቃል። ላቡ በዓይኑ ይወርዳል። ቆሞ ጠበቀ።

ኢዘዲን በእጁም በጉልበቱም እየዳኸ ተነሳ፤ ፊቱ አመድ መስሏል። «ሙሄዲን? ደህና ነህ? ኧረ በአላህ ተናገር! ወላሂ ወደዚህ የመጣሁት ሳላስበው ነው። ቁጭ በል… አይ፣ አትቀመጥ! እዚህ አትቀመጥ!»

ሙሄዲን ልቡን እያዳመጠ ነበር። ደለቀ፣ ደለቀ፣ ቀስ አለ። ትንፋሹ ተመለሰ። ቆሟል።

«ወልድያም መቶ ዘጠኝ ነበር» አለ በመጨረሻ።

ኢዘዲን የወደቀውን ጫማ አንስቶ አቧራውን አራገፈ።

«ዛሬ ጠዋት። ሲስተሯ ናት የመዘነችኝ። አንተ እዚያ አልነበርክም።»

ኢዘዲን እግሩን ወደ ፊት ዘርግቶ አየው። «እግሬ ረጅም ነው» አለ።

ሙሄዲን ሊቆጣ አፉን ከፈተ። የወጣው ግን ሳቅ ነው፤ ከአምና ጀምሮ ጉሮሮው ላይ የተከማቸው ሁሉ አንድ ላይ። ኢዘዲን እየሳቀ ያለቅስ ነበር፣ ወይም እያለቀሰ ይስቅ ነበር። ለአሱር ሶላት የመጡ ሽማግሌዎች «እነዚህን ምን ነካቸው?» ብለው በሩቁ ዞረዋቸው ገቡ።

ወደ ቤት በእግራቸው ወረዱ። ጥብሱ ቀዝቅዞ ነበር። ሙሄዲን ትንሽ በላ፤ የቀረውን ሉብናና ኢዘዲን ተሻሙት።

ዓርብ ጠዋት ሙሄዲን ሚዛኑ ላይ ዓይኑን ገልጦ ወጣ። ብረቷን ራሱ ገፋት።

«መቶ ዘጠኝ» አለ ራሱ አንብቦ።

ዞር ሲል ኢዘዲን ከኋላው እጆቹን ወደ ላይ አንስቶ፣ አንድ እግሩን አጥፎ፣ እንደ ሽመላ ቆሟል።

«ሁለተኛውንም አንሳው» አለው ሙሄዲን።

«እሱንማ ካነሳሁ በርሬ እጠፋብሃለሁ።»

ሙሄዲን ከሚዛኑ ወረደ። ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር አጠበቀ፤ ጎንበስ ሲል ሆዱ እንደ ድሮው እንዳልከለከለው ልብ አላለም። ከመጋዘኑ ወጥቶ መንታ መንገዱ ላይ ቆመ። አስፋልቱ በስተግራ ነው፣ ዳገቱ በስተቀኝ። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ ቢስሚላህ ብሎ፣ እየፈራ ወደ ቀኝ ታጠፈ።