ፖስተኛው ያጠመመው መንገድ

ኢንጂነሯ አሥራ ሰባተኛውን ቢጫ ቀስት ድንጋይ ላይ ቀብታ ብሩሹን በቀለም ጣሳው አፍ ላይ ስትጠርግ፣ ፖስተኛው ቀድሟት ወደ ሸለቆው መውረድ ጀምሮ ነበር።

"አባባ፣ ይቆዩኝ! አንድ ጊዜ ይመለሱማ!"

ተመለሰ። ጡረታ ከወጣ ሦስት ዓመቱ ነው፤ እግሩ ግን ጡረታ መውጣቱን ገና አልሰማም። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ፣ በሳምንት ሦስት ቀን፣ ኮሮጆውን አንግቶ በላይኛውና በታችኛው ከተማ መካከል ተመላልሷል። መኪና በአስፋልቱ ዞሮ ይሄዳል፤ በመሃል ላሉት መንደሮች ግን ደብዳቤ የሚያደርስላቸው የእሱ እግር ብቻ ነበር። ስለዚህ የመንገዶች ጽሕፈት ቤት ሁለቱን ከተሞች የሚያገናኘው የእግር መንገድ ተመዝግቦ ምልክት ይደረግበት ብሎ ሲወስን፣ መሪ ማን ይሁን ብሎ የጠየቀ ሰው አልነበረም። ፖስተኛው እያለ ማን ሊጠየቅ!

ኢንጂነሯ ስልኳን አሳየችው። ከሰማይ የተነሳ ፎቶ ነው።

"ይኸውልዎ፣ ያለነው እዚህ ነው። እርስዎ ወደ ግራ ይዘውኝ ወደ ሸለቆው እየወረዱ ነው። ይህቺን ቀጭን መስመር ግን አዩአት? ቀጥ ብላ በዚያ በብቸኛው ቤት ደጃፍ ታልፍና ወፍጮ ቤቱ ጋ ትወጣለች። የድሮ መንገድ ትመስላለች።"

"የፍየል መንገድ ነው" አለ ስልኩን ሳያይ።

"ፍየል እንዲህ ቀጥ ብሎ አይሄድም።"

"ውሻ አለ።"

"የት?"

"እዚያ ቤት። ክፉ ውሻ ነው። አገር ያወቀው ነው።"

አገር ማወቁስ እውነት ነው። ጠዋት ከመነሳታቸው በፊት ገበያ ዳር ያገኘቻቸው ሴቶችም "በሸለቆው ሂጂ ልጄ፣ በዚያኛው ውሻ አለ" ብለዋት ማስታወሻዋ ላይ ጽፋዋለች።

"ከመቼ ጀምሮ ነው ያለው?"

"ቆይቷል።"

"እኮ፣ ከመቼ?"

"ሃያ ሁለት ዓመት" አለ፤ ቃሉ ካፉ ካመለጠ በኋላ ነው የነቃው።

ኢንጂነሯ ጣሳውን መሬት አስቀመጠች። "አባባ፣ እርስዎ ጡረታ ወጥተው ይሄ ውሻ አሁንም ሥራ ላይ ነው?"

ቀልድ ነበር፤ ሌላ ጊዜ ቢሆን ከእሷ ቀድሞ ይስቅ ነበር። አሁን ግን ጆሮው ጋለበት። መሬት ተከፍታ ብትውጠው ደስ ባለው።

ያ ቤት የታላቅ ወንድሙ የአናጢው ቤት ነው። እናታቸው የሞተች ዕለት ፖስተኛው ታችኛው ከተማ ደብዳቤ እያደለ ነበር። መርዶውን መንገድ ላይ ሰምቶ ኮሮጆውን እንዳንጠለጠለ ሮጠ። ሲደርስ ግን አፈሩ ተመልሶ፣ ሰው እጁን እየታጠበ ነበር። "ዝናብ መጣ፤ ቆፋሪዎቹ አንጠብቅም አሉ" አለው ወንድሙ። ያን ቀን አንዲት ጠብታ እንኳ አልወረደችም። ፖስተኛው ይህን ነገር በሆዱ ይዞ ሄደ፤ ከዚያ ወዲህ ከወንድሙ ጋር አንድ ቃል አልተነጋገረም። በሚቀጥለው የሥራ ቀን መንታው መንገድ ላይ ሲደርስ ቀጥ ማለቱን ትቶ ወደ ግራ ታጠፈ።

አብረውት የሚጓዙት ገበያተኞች "ምነው በዚህ?" አሉት። አርባ ዓመት ያለፈው ሰው "ወንድሜን አኩርፌ ነው" ይበል? አፈረ። "ውሻ አለ" አላቸው። ውሻማ ነበር። በሩ ላይ ተጋድሞ የሚውል፣ አላፊ አግዳሚውን በጭራው የሚቀበል ፍጥረት ነው። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ሞተ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ የፖስተኛው ውሸት ግን እያደር ሰባ። ፖስተኛ ከሸሸው ክፉ ውሻ ነው ብሎ ሰው ሁሉ እሱን ተከተለ። ልጆች በሸለቆው ሄደው አደጉ፤ አድገው ልጆቻቸውን በሸለቆው ወሰዱ። ቀጥተኛው መንገድ ሣር በቀለበት።

"እንግዲህ ልንገርዎ" አለች ኢንጂነሯ። "በሸለቆው አርባ ደቂቃ ይጨምራል፤ ለክቼዋለሁ። ዛሬ ቀለም የቀባሁበት ነገ ይመዘገባል። ከዚያ በኋላ ድልድይ ቢሠራ በዚያው፣ ድንጋይ ቢነጠፍ በዚያው ነው። ደግሞ ባለፈው ክረምት አንዲት ሴት እዚህ ቁልቁለት ላይ ወድቃ እግሯ ተሰብሯል አሉኝ።"

"የልብስ ሰፊው ሚስት ናት።"

"ያውቋታል?"

"ብርቱካን ይዤ ጠይቄያታለሁ።"

አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ነበር። እሷ በጀሶ የተጠቀለለ እግሯን ትራስ ላይ እንደዘረጋች "ይሁን፣ በውሻ ከመበላት ይሻላል" አለችውና ካመጣው ብርቱካን አንዱን ልጣ ሰጠችው። በልቶ ለመጨረስ የፈጀበትን ጊዜ እስከ ዛሬ አይረሳውም። እሷን ጠይቆ በተመለሰ ማግሥት ለሰው ሁሉ እውነቱን ሊናገር ወስኖ ነበር። ከዚያ አንድ ሳምንት አለፈ፤ ከዚያ ክረምቱ አለፈ።

"ታዲያ አሥራ ስምንተኛውን የት ልቀባ?" አለች ኢንጂነሯ።

ፖስተኛው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ዝም ቢል፣ ኩርፊያው እስከ ልጅ ልጅ በቢጫ ቀለም ተጽፎ ሊቀር ነው። ቢናገር ደግሞ፣ ሁለት ከተማ ሙሉ ሰው ያመነው ፖስተኛ ውሸታም ነው ማለት ነው። ከሁሉም በላይ ያንን ደጃፍ መርገጥ አለበት።

"ውሻው ሞቷል" አለ።

"መቼ?"

"ሃያ ዓመት ሆነው።"

"እዚያ ቤት ታዲያ ማነው ያለው?"

"ወንድሜ።"

"ይናከሳሉ?"

"አይ" አለ ፖስተኛው። "የምናከሰውስ እኔ ነኝ።"

በቀጥተኛው መንገድ ሄዱ። ሣሩ ጉልበት ይደርሳል፤ ከሥሩ ግን መሬቱ አሁንም የተረገጠና ጠንካራ ነው። ፖስተኛው ከኋላ ሆነ። ሲመራ የዋለ ሰው አሁን የኢንጂነሯን ተረከዝ እያየ ይራመዳል።

አናጢው ደጁ ላይ በር አጋድሞ እየላገ ነበር። ፖስተኛው ከተኳረፉ ወዲህ ከሩቅ፣ ከጀርባ ካልሆነ በቀር ከፊት አይቶት አያውቅም። ፂሙ ነጥቷል፤ ትከሻው ጠቧል። በቤቱ ጎን፣ መንገዱ በነበረበት ላይ፣ ወፍራም ወፍራም አጣና ተከምሯል። ኢንጂነሯ ሰላምታ ሰጥታ የመጣችበትን ነገረችው፤ መንገዱ በደጁ ካለፈ ፈቃዱንና ፊርማውን እንደምትፈልግም አስረዳችው።

"ማነው በዚህ መንገድ አለ ያለሽ?" አለ አናጢው፤ መላጊያውን አላቆመም።

"አባባ ናቸው" ብላ ወደ ፖስተኛው አመለከተች።

"እሱ በዚህ አያልፍም" አለ አናጢው ለእሷ፤ ፖስተኛው እዚያ እንደሌለ ሁሉ። "ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ማክሰኞ፣ ሐሙስ፣ ቅዳሜ፣ እዚያ ማዶ ላይ ሲታጠፍ ጀርባውን ከዚህ ሆኜ አየዋለሁ። ኮሮጆው የከበደ ቀንና የቀለለ ቀን ከአካሄዱ ይታወቀኝ ነበር። ከዚያ መታየቱም ቀረ። ታመመ እንዴ ብዬ ሰው ጠየቅሁ፤ ጡረታ ወጣ አሉኝ።"

ፖስተኛው ይህን አልጠበቀም። ወንድሙ ይሰድበኛል ብሎ፣ ለስድቡ የሚሆን መልስ ከሃያ ዓመት በፊት ጀምሮ አዘጋጅቶ ነበር።

አናጢው አሁን መላጊያውን አስቀመጠና ዞሮ አየው።

"እናታችንን ሳልጠብቅህ ቀበርኩ። በዚያ ብትቀየም አልፈርድብህም፤ ሰማዩ ጠቁሮ ነበር፣ ፈራሁ፣ በኋላ ሲገለጥ እኔም አዘንኩ። ውሻዬ ግን ምን አደረገህ?"

"ምንም" አለ ፖስተኛው።

"ሰው ባለፈ ቁጥር ጭራውን የሚቆላውን አውሬ አደረግኸው። በር የሚያሠራ እንኳ ከሩቅ ተጣርቶ ነው የሚመጣው።"

"አውቃለሁ።"

"ካወቅህ ጥሩ" አለና ወደ ኢንጂነሯ ዞረ። "የቱ ጋ ነው የምፈርመው?" ከጆሮው ላይ የአናጢ እርሳሱን መዘዘ።

"በእስክሪብቶ ነው አባባ፣ እርሳስ አይቀበሉንም።"

"ሰባ ዓመት በዚህ ስኖር የተቀበለኝ እርሳስ ነው" እያለ እየተነጫነጨ በእስክሪብቶዋ ፈረመ። ከዚያ ወደ አጣናው ክምር ሄዶ የላይኛውን በአንድ ጫፉ ያዘ። ለአንድ ሰው የሚነሳ አይደለም። አልተጣራም፤ ይዞ ቆመ ብቻ። ፖስተኛው ሄዶ ሌላኛውን ጫፍ ያዘ። ወደ አጥሩ ጥግ ወስደው ጣሉት። ደግሞ ተመለሱ። አሥራ አራት አጣና አነሱ፤ "ወደ አንተ"፣ "ቀስ"፣ "ጣለው" ከመባባል በቀር የተነጋገሩት የለም። ኢንጂነሯ በሩ አጠገብ ካለው ድንጋይ ላይ ቀስቷን ቀባች። አናጢው ውኃ አምጥቶ ለእሷ ሰጠ፤ ለፖስተኛው አልሰጠውም። ሲሄዱም ደህና ሁኑ ያለው ለእሷ ነው።

ታችኛው ከተማ ሲደርሱ ፀሐይ ወደ ምዕራብ ማዘንበል ጀምራ ነበር። ኢንጂነሯ የመጨረሻውን ቀስት ፖስታ ቤቱ ግድግዳ ላይ ቀብታ እጇን በጋዜጣ ጠረገች። ሚኒባሱ መናኸሪያው ላይ ይጮኻል።

"ቦታ ይዤልዎታለሁ፤ ላይኛው ከተማ በአስፋልቱ ግማሽ ሰዓት ነው።"

"በእግሬ እሄዳለሁ።"

"ደክሞዎታል እኮ።"

"ደክሞኛል" አለ። "አንቺ ግቢ።"

ወፍጮ ቤቱ ጋ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ወደ ሸለቆው ነው፤ ቀለም የለበትም፣ እግሩ ግን ዓይኑን ጨፍኖ ያውቀዋል። ሌላው በሣሩ መካከል፣ ጠዋት ራሱ የረገጠው ነው። ጠዋትስ ሥራ ነበረው፤ ኢንጂነር ነበረች፣ ፊርማ ነበረ፣ አጣና ነበረ። አሁን ባዶ እጁን ነው። ወንድሙ ምን ፈለግህ ቢለው የሚያሳየው ወረቀት የለም። በሸለቆው ቢሄድ ማንም አይታዘበውም፤ መንገዱ ለሰው ተከፍቷል፣ የእሱ ድርሻ ተፈጽሟል። እንዲያውም እንደዚያ ብሎ ጥቂት እርምጃ ወደ ሸለቆው ወረደ። ቁልቁለቱ አፋፍ ላይ ቆመ። ሰባ ዓመት የደፈነ ወንድም ጀርባውን ሲያይ ኖሯል። ነገሩ ይህ ነው፤ ሌላው ሁሉ ሰበብ ነበር።

ተመልሶ በሣሩ ገባ።

የአናጢው ደጅ ሰው አልነበረበትም። የተላገው በር ግድግዳው ላይ ተደግፏል፤ ቤቱ ተዘግቷል፤ ከውስጥ ዕቃ ሲነካካ ይሰማል። አጣናው የተነሳበት መሬት ለጋሪ እንኳ የሚበቃ ሆኗል። ቀስ ብሎ ቢያልፍ የሚሰማው የለም። ፖስተኛው አንኳኳ።

"ማነው?" አለ ድምፅ ከውስጥ።

"እኔ ነኝ፣ ወንድም ጋሼ" አለ። "ወደ ቤቴ እያለፍኩ ነው፤ እግረ መንገዴን ልጠይቅህ ብዬ።"